የዳገት ሰፈር የቤት መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው ከወዳጅ ከዘመድ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «የሚሸጥ መኪና ግዛ» የሚል ነው። ገና ቁልፉ እጁ ሳይገባ፣ ልጆቹም የኋላ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ ስለሚሸጥበት ቀን ይነገረዋል። ምክሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የብር የመግዛት አቅም ዓመት በዓመት በሚወርድበት አገር መኪና ገንዘብ ማቆያ ሆኗል፤ ለዓመታት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ የተሸጠ አሮጌ ኮሮላ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ገበያ ግን ገዢውን ሳያስበው የሌላ ሰው ወኪል ያደርገዋል። ቀለሙን፣ የሞዴሉን ዓመትና የተጓዘውን ኪሎ ሜትር የሚመዝነው በሚቀጥለው ገዢ ዓይን ነው። ቤተሰቡ በየቀኑ የሚወጣውን ዳገት የሚመዝንለት የለም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ዳገት ነው። የየካ ክፍለ ከተማን የመረጥነው ዳገቱ እዚያ ስለሚበዛ ነው። ከመገናኛና ከሾላ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር መሬቱ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ይነሳል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካ ሚካኤል፣ ከኮተቤ በላይ ያሉት መንደሮች፣ ወሰንና ካራ ሁሉም ጀርባቸውን ለተራራው የሰጡ ሰፈሮች ናቸው። ዋናው አስፋልት ደህና ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቤት የሚያስገባው የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ግን ብዙ ጊዜ ኮብልስቶን ወይም ኮሮኮንች ነው፤ ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ይሄድበታል። አንድ የቤት አውቶሞቢል እድሜውን የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሲገዛም መለካት ያለበት በዚያው ነው ብዬ አምናለሁ።

አየሩ ሲሳሳ

የቤንዚን ሞተር ቤንዚን ብቻ አያቃጥልም። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። የመኪናው ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ደግሞ አየሩ ጥቅጥቅ ባለበት፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። መገናኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ መገናኛ ላይ ቆሞ የተነሳ መኪና ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን አስቀድሞ አጥቷል ማለት ነው፤ እንጦጦ ሲደርስ የሚያጣው ወደ ሲሶ ይጠጋል። ታላላቅ ሯጮቻችን ሳንባቸውን ሊያጠነክሩ የሚወጡበት ያው ስስ አየር ለሞተሩም ስስ ነው። ሯጩ በልምምድ ይለምደዋል፤ ሞተሩ ግን ቢመላለስበትም አይለምደውም።

በቁጥር እንየው። የከተማችን መንገድ ላይ በብዛት ከሚታዩት ሴዳኖች አንዱ ሱዙኪ ዲዛየር ነው። የ1.2 ሊትር ሞተሩ በወረቀት 83 የፈረስ ጉልበት አለው። እንጦጦ ላይ የሚቀረው 58 ገደማ ነው። ባለ 1.6 ሊትሩ የ2003 ሞዴል ኮሮላ በወረቀት 110 አለው፤ እንጦጦ ላይ 77 ገደማ ይቀረዋል። እስከዚህ ድረስ ኮሮላው በብዙ የሚበልጥ ይመስላል። አሁን አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ አያትና ከሾላ የተሸመተውን አስቤዛ እንጫን፤ በጠቅላላው 380 ኪሎ ያህል እንበል። ዲዛየር ቀላል መኪና ነው፤ ባዶውን 900 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ኮሮላው 1,150 አካባቢ ነው። ጉልበቱን ለክብደቱ ብናካፍለው ዲዛየር ለአንድ ቶን 45 ገደማ፣ ኮሮላው 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያገኛል። ልዩነቱ አለ፤ ግን የሞተሮቹ ስፋት እንደሚያስመስለው አይደለም። ዳገት ላይ የሚያስፈልገው ከክብደቱ የተመጣጠነ ሞተር ነው። የመኪናውን ባዶ ክብደት ሳይጠይቁ ስለ ሲሲ ብቻ መከራከር ግማሽ ሒሳብ ነው።

ተርቦ ያለው ሞተር እዚህ ላይ ይለያል። አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚወስድበትን አብዛኛውን ይመልሳል፤ 1.5 ሊትር ባለ ተርቦ ሴዳን የካ ላይ ከ1.8 ተራ ሞተር በላይ ሊጎትት ይችላል። ተርቦ ግን ንጹሕና ጥራት ያለው ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት ቶሎ ይበላሻል። ያገለገለ ባለ ተርቦ መኪና የሚገዛ ሰው የዘይት ቅያሪውን ታሪክ ካላገኘ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓው ቢተወው እመክራለሁ።

ትንሽ ሞተር እንዴት የከተማው ሞተር ሆነ

ከፍታው ትልቅ ሞተር እየጠየቀ ከተማው ለምን በ1.0 እና በ1.3 ሊትር መኪኖች ተሞላ? መልሱ ያለው ቀረጥ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ የነበረው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1,300 ሲሲ ላለው የቤት አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ላለው 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ ለሆነ ትንሽ ሞተር ይህንን ወደ 5 በመቶ አወረደው፤ ያገለገለውን ግን ባረጀ ቁጥር አከበደበት፤ ጣሪያው 500 በመቶ ደረሰ።

ግብሩ አንዱ በሌላው ላይ የሚጫን መሆኑን ብዙ ገዢ አይገነዘብም። 100 ብር ዋጋ ያለው ዕቃ ወደብ ደረሰ እንበል። በ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ 135 ይሆናል። ኤክሳይዝ የሚሰላው በ135ቱ ላይ ነው። ከዚያ በተገኘው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ። ትናንሾቹን ክፍያዎች ትተን በ1186ቱ አዋጅ ስናሰላው አዲሱ ባለ 1,300 ሲሲ 179 ብር ገደማ ላይ ይቆማል፤ ባለ 1,600ው 273 ይሆናል፤ ባለ 2,000ው 342 ገደማ ይገባል። የ500 በመቶው ጣሪያ የሚያርፍበት አሮጌ መኪና ደግሞ ከ1,000 ብር ያልፋል፤ ከመነሻ ዋጋው አሥር እጥፍ በላይ።

ቤተሰቦች በቪትዝ፣ በያሪስና በዲዛየር ላይ የተረባረቡት እንግዲህ ቀረጡ 1,300 ሲሲ ላይ መስመር ስላሰመረ ነው። ያ መስመር የተሰመረው ለነዳጅና ለውጭ ምንዛሪ ታስቦ ይሆናል፤ 2,400 ሜትር ላይ ስለሚኖር ሰው ታስቦ ግን አይመስለኝም። አየሩ አራተኛውን የሚወስድበት ከተማ ሰው ከሁሉ ትንሹን ሞተር እንዲገዛ ተገፋ። አንዲት ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ አምስት ሰው ጭና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ስትጎተት ማየት የሾፌሩን ችሎታ ለመተቸት ያነሳሳ ይሆናል። ሾፌሩ ያጠፋው ነገር የለም፤ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ሞተሩን እስኪጮህ ከማስነሳት በቀር ሌላ አማራጭ የለውም።

ቀደም ያለው ትውልድ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ነበረው ለማለት ያስደፍራል። አዲስ አበቤ ቮልስዋገንን እንዲህ የወደደው ለመልኩ ብቻ አልነበረም። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌለው የሚፈላ ውኃ የለውም። ሞተሩ ከኋላ፣ ከሚገፉት ጎማዎች በላይ ስለተቀመጠም ጭቃ ዳገት ላይ ጎማው መሬት ይይዝ ነበር። ዛሬ የምንነዳቸው ሴዳኖች አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው። ዳገት ላይ፣ በተለይ የኋላ ወንበሩና ሻንጣው ሲሞላ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚጎትቱት ጎማዎች ይቀላሉ፤ ሐምሌ ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ሲያገኙ ይሽከረከራሉ። መድኃኒቱ ጥሩ የፊት ጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከታተሙት አኃዞች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካዩ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ ብዙ ሻጭ «አዲስ ጎማ» እያለ ያሳያልና ቁጥሩን ማንበብ ይገባል።

ዳገቱን እንደ መካኒክ መጠቀም

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ጥሩ መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። ሆኖም የየካ ሰው ከመካኒኩ ሌላ ነጻ መመርመሪያ በደጁ አለው። ሻጩ ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ ከሲኤምሲ ወደ አያት ባለው ሰፊ መንገድ ሊያስነዳዎት ይፈልጋል። በትሕትና እምቢ ይበሉ፤ ቤተሰብዎን ጭነው ወደ ሰፈርዎ ዳገት ይውሰዱት።

ቀጠሮውን በጠዋት ያድርጉት፤ ሻጩም ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅዎት ይንገሩት። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ከጠበቀዎት ለምን እንደሞቀ ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል፤ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ መሆኑን፣ ማለትም የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላቱን ያስጠረጥራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ቡና በወተት የመሰለ ዝቃጭ ካዩ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደላላው «ጋሼ፣ ሞተሩ አልተነካም» ሲል ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው፤ እሱም የነገሩትን ነው የሚነግርዎት።

ውኃ በከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ የካ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ እንጦጦ ላይ 90 አካባቢ ይፈላል። የሞተር ጤናማ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። መኪናው ሳይፈላ የሚወጣው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝና ውኃው ውስጥ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለተቀላቀለ ነው። ክዳኑ ላስቲኩ የደረቀበት፣ የቧንቧ ውኃ ብቻ የተሞላበት አሮጌ መኪና ሞጆ ላይ ደህና ይነዳል፤ እንጦጦን ሲጀምር ግን ኮፈኑ ሥር መፍላት ይጀምራል። ብዙ የተቃጠለ ቴስታታ ታሪኩ የሚጀምረው በጥቂት ብር ከሚገዛ ክዳን ነው። ዳገቱን ሲወጡ ዓይንዎን ከሙቀት መለኪያው ላይ አያንሱ፤ ማሳያው ከመሃል ከፍ ካለ ዋጋ መደራደርዎን ያቁሙና ይመለሱ።

ግማሽ ዳገት ላይ ያቁሙትና እንደገና ያስነሱት። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ እዚህ ላይ ይጋለጣል፦ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ መኪናው ካልጨመረ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ መቀየሪያው ደርሷል። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲቀይር መምታቱንና መዘግየቱን ያዳምጡ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሜዳ ላይ ሕመሙን መደበቅ ይችላል፤ ተጭኖ ዳገት ላይ ሲቆም ግን አይችልም። ጥገናውም ከሞተር ጥገና ያልተናነሰ ዋጋ ያስወጣል።

ከዚያ መውረድ አለ፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ያሳስበኛል። የተራ ሴዳን ፍሬን እግራችንን የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶ ግፊት ነው፤ አየሩ በሳሳ መጠን እገዛውም ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ፔዳሉ ከቦሌው ጠንከር ያለ መምሰሉ የተፈጥሮ ነው። ያልተለመደው ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ወለሉ ሲጠጋ ነው፤ ያ የፍሬን ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የያዘ፣ ሲሞቅም የሚፈላ መሆኑን ይጠቁማል። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት በፎሌ የሚለቅ ሾፌር ከተማችን ውስጥ አሁንም አለ፤ ልማዱ ደግሞ ምንም ነዳጅ አያተርፍም። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ ሲወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን ይጠጣል፤ የመኪናውን ሙሉ ክብደትም ለፍሬን ሸራው ብቻ ይተወዋል።

ሁሉም ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉት፤ የኋላ ሞላው የደከመ ሴዳን ሆዱ ይነካል። ግጭት የደረሰበትን አካል ለመለየት በማግኔት ይሞክሩ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔት አይዝም። ቪትዝ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመር። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪው ወደ ግራ የተቀየረ መሆኑን፣ ማን እንደቀየረውና የመሪው ዘንግ እንዴት እንደተበየደ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ይይ። ይህ የልጆች ሕይወት ነውና በይሉኝታ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ወረቀቱ አጭር ልሁን። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። የባንክ እገዳ አለመኖሩ፣ መኪናው ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት አለመኖሩ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይጣራል። ቦሎ መለጠፉ የእነዚህን አንዱንም አያረጋግጥም። ስም ማዛወሪያ ለመቆጠብ በውክልና ብቻ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ውክልና ባለቤትነት አያስተላልፍም፤ ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ሰጪው ከሞተም ይቋረጣል፤ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርመው ስሙን ወዲያው ያዛውሩ።

ሞተሩ አየር የማይፈልግ መኪና

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሊትር ቤንዚን ዋጋም በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር በላይ ሆነ። የቤንዚን ሴዳን የሚፈልግ ሰው ምርጫው ከእገዳው በፊት የገቡት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ «አዲስ ወይስ ያገለገለ?» የሚለው የድሮ ጥያቄ ዛሬ ከሞላ ጎደል «ኤሌክትሪክ ወይስ ያገለገለ ቤንዚን?» ሆኗል።

የቀረጡን ሒሳብ እንመልሰው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ሆነ። በዚያ ስሌት 100 ብር የነበረው ዕቃ 115 ላይ ይቆማል፤ አዲሱ ባለ 1.6 ቤንዚን 273 ላይ እንደቆመ ያስታውሱ። የሲሲ መስመሩም ጠፍቷል፤ ሲሲ የሚባል ነገር የለውምና።

ለየካ ሰው ግን ከቀረጡ የሚበልጠው ዳገቱ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም፤ ጉልበቱ ቦሌም፣ እንጦጦም አንድ ነው። ከመገናኛ እንጦጦ ጫፍ ለመድረስ መኪናው ከፍ የሚለው 600 ሜትር ገደማ ነው። ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ ለባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ይህ 5 በመቶ ነው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ካወጣው ከግማሽ የሚበልጠውን ለባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም ብዙም ሳይሞቅ ይወርዳል። ሁልጊዜ ሸራ ሲቀይር የኖረ የዳገት ሰፈር ሰው ይህንን በኪሱ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ለላይኛው ሰፈር ነዋሪ ብቻ የሚሠራ ጥንቃቄ አለ። ማታ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል የሚጀምር መኪና የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሞተሩ እንደወትሮው አይዝም፤ ጭነቱ ወደ ተራው ፍሬን ይሄዳል። ላይ የሚኖር ሰው በአዘቦት ቀን 90 በመቶ ላይ ቢያቆመው ይሻላል። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ መጠኑን በትክክል እንዲያነብ አልፎ አልፎ መሙላት ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ብዙ ቁልቁለት የሌለበትን ቀን መምረጥ ነው።

ችግሮቹ ሌላ ቦታ ናቸው። ከተማችን ውስጥ የበዙት ቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። አይዲ 6 እንዲያውም ከቻይና ውጭ በአምራቹ አይሸጥም። ይህ ሦስት ነገር ያስከትላል፦ የመሙያው ሶኬት የቻይና ዓይነት ነው፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፣ የአምራቹ ዋስትናም ድንበር ላይሻገር ይችላል። ስለዚህ ዋስትናውን ማን፣ በየትኛው ጋራዥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ አስመጪው በጽሑፍ ይስጥ። «በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር» የሚለው የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው፤ ሲሶውን ቀንሶ ማሰብ ከቅሬታ ያድናል። እንደ ቢዋይዲ ቺን ያለ ሴዳን ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተዘረጋ ከመሬት ያለው ከፍታ ጠባብ ነው፤ በቤንዚኑ ላይ ያደረጉትን የጉብታ ፈተና አምስት ሰው ጭነው እዚህም ይድገሙት። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤና በኮምፒዩተር ይነበብ፤ ይህ ቁጥር ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ ዋጋውን ይወስናል።

የመጨረሻው ጥያቄ መኪናው የሚያድርበት ቦታ ነው፤ ምርጫውን የሚለየውም እሱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም እየተጨመሩ ነው። የቤተሰብ መኪና ግን ሌሊት ቤት ካልተሞላ ኑሮው በወረፋ ያልፋል። ኮተቤ ላይ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ የሚያወጣው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከተራው ሶኬት 2 ኪሎ ዋት እየሳበ በሦስት ሰዓት ይተካዋል፤ ግማሽ ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ይደርሳል። ለዚህ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ ሴዳን ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፦ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት የሚችል ውፍረት እንዳለው፣ የመሬት መስመር መኖሩን ያይለታል።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ መኪናውን ከሕንፃው ሥር በጋራ ቦታ የሚያሳድር ቤተሰብ ነገሩ ሌላ ነው። ከነዋሪዎቹ ማኅበር ጋር ተስማምቶ በራሱ ቆጣሪ የሚሠራ መስመር ካላወረደ በቀር ኤሌክትሪክ መኪና ይገዛ ብዬ ለመምከር አልደፍርም። ከመስኮት የሚወርድ ማራዘሚያ ሽቦ በክረምት ዝናብ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ፣ ተቀባይነት የለውም። ለጊዜው የሚሻለው ቀላል ክብደት ያለው፣ ታሪኩ የታወቀ፣ ዳገቱን ከነቤተሰቡ ወጥቶ ያሳየ ያገለገለ የቤንዚን ሴዳን ነው፤ ዲዛየርም ይሁን ባለ 1.6 ኮሮላ። ከግዢው ገንዘብ ላይ ለጎማ፣ ለፍሬን ዘይትና ለራዲያተር ክዳን የሚሆነውን አስቀድሞ ያስቀር፤ መስመሩ የሚወርድበትን ስብሰባም ማኅበሩን ቶሎ ይጠይቅ።